የሱቁ ሽያጭና የአናሊቲክሱ ሽያጭ ለምን አልገጠሙም?

የአክስቴ ልጅ ጎንደር ፒያሳ ያላት ሱቅ ጋቢና የሀበሻ ቀሚስ በኦንላይን ይሸጣል፤ ውጭ ያሉት በዶላር፣ የአገር ቤቶቹ በብር ይከፍላሉ። የሱቁ የትዕዛዝ መዝገብና የጉግል አናሊቲክስ (የድረ ገጽ ጎብኚና ሽያጭ የሚቆጥረው የጉግል መሣሪያ) ሪፖርት በብር ሲደመሩ ሰማይና ምድር ሆኑ። የትዕዛዙ ቁጥር ግን እኩል ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ ምንዛሪው ላይ ነው።

አንዱ ምክንያት ቶሎ ተገኘ። የሱቁ ፕለጊን (ድረ ገጹ ላይ የተጨመረች ትንሽ ፕሮግራም) ዶላርን ወደ ብር የሚያዞረው በቋሚ ተመን ነበር፣ ያውም በ57 ብር! ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ፕለጊኑ አልሰማም። አናሊቲክስ ደግሞ በራሱ ዕለታዊ ተመን ነው የሚያሰላው።

ያደከመኝ ሌላው ነው። የሙከራ ግዢ አድርጌ በዲበግ ቪው (አናሊቲክስ የሚደርሰውን መረጃ ወዲያው በሚያሳየው ገጽ) «ፐርቼዝ» ኢቨንቱን፣ ማለትም የግዢውን መልእክት ስከፍት፣ ዋጋው በብር ተልኮ የገንዘቡ ኮድ «ዩኤስዲ»፣ ማለትም የአሜሪካ ዶላር ይላል። የ4,000 ብር ጋቢ 4,000 ዶላር ሆኖ ይመዘገባል ማለት ነው! «ዩኤስዲ» የሚለው ኮድ የድረ ገጹ ቴምፕሌት (የገጹ መነሻ ቅጽ) ውስጥ በቋሚነት ተጽፎ ነበር። አውጥቼ፣ ደንበኛው የከፈለበት ገንዘብ ኮድ ከዋጋው ጋር አብሮ እንዲላክ አደረግሁ። ፕለጊኑም አሁን በየትዕዛዙ የዕለቱን ተመን ይመዘግባል።

ወደ አናሊቲክስ የተላከ ዳታ ወደኋላ አይታረምም፤ ያለፉትን ወራት ኤክሴል ላይ አስተካከልኳቸው። ትንሽ ልዩነት አሁንም ይታያል፣ የሱቁ ባንክ ዶላሩን የሚመነዝርበት ቀን ሌላ ነውና። እሱን ማሳደድ ትርፉ ድካም ነው፤ ለሂሳብ የምንይዘው የባንኩን ደረሰኝ ነው።