ጅንባር ፏፏቴን በአበባ ወቅት

ስሜን ተራሮች መቼ ልሂድ ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ ከመስቀል እስከ ጥቅምት አጋማሽ። ከዚያ በፊት ዝናቡና ጭጋጉ አያላውስም። ጥርና የካቲት ላይ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ግን ሣሩ ደርቋል፣ የጅንባር ፏፏቴም ቀጥኖ ክር መስሏል። ውኃውም አበባውም አንድ ላይ የሚገኙት በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ነው።

መነሻው ደባርቅ ነው፣ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያው ላለ ሰው ደውላችሁ አጣሩ፣ ይሄን አትዝለሉት። ደባርቅ ስትደርሱ ፓርኩ ቢሮ መግቢያ ትከፍላላችሁ፣ ስካውት፣ ማለትም አብሯችሁ የሚሄድ የፓርክ ጠባቂ፣ ይመደብላችኋል። ያለ ስካውት አይገባም። በቅሎም እዚያው ትከራያላችሁ፤ በዚያ ከፍታ ሻንጣ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ጉልበት ይጨርሳል።

የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ እደሩ። ሳንቃበር ካምፕ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ቀጥሎ ያለው ግጭ ካምፕ ደግሞ 3,600 ይጠጋል። ከአዲስ አበባ ለሚመጣም ትንፋሽ ያጥራል። ቀስ በሉ፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ ጠጡ። ራስ ምታቱ ጠንቶ ማስታወክ ከጀመራችሁ መፍትሔው መውረድ ነው እንጂ "ትንሽ አርፌ ልቀጥል" አይሆንም።

አበባው ገና ከደባርቅ ስትወጡ ይጀምራል። በገብሱ ማሳ ዳር አደይ አበባ ነው። ከፍ እያላችሁ ስትሄዱ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ጫፉ ቀይ ታቹ ቢጫ የሆነ አበባ ታያላችሁ። እሱ ጋ ቆም በሉ። ዝም ብላችሁ ከጠበቃችሁ የአበባ ማር የምትቀስም ትንሽዬ ወፍ መጥታ ግንዱ ላይ ተንጠልጥላ አንድ በአንድ ስትመጥ ታያላችሁ። የአስታው ዛፍ ሽበት የመሰለ ነገር ተንዠርግጎበታል። የረገጣችሁት ሣር ድንገት ከሸተተ ጦስኝ ነው። ግጭ አካባቢ ደግሞ ጅብራ የሚባለው ግዙፍ ተክል ይመጣል። ጅብራ ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ይቆይና አንዴ አብቦ ይሞታል፤ ያበበውን ካገኛችሁ የረጅም ዓመት ሥራውን ነው የምታዩት። እባካችሁ ምንም አትቅጠፉ።

ጅንባር ከሳንቃበር ወደ ግጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከዋናው መንገድ ትንሽ ወጣ ብላችሁ በቀጭን መንገድ ከፏፏቴው ፊት ለፊት ወዳለው የገደል አፋፍ ትሄዳላችሁ። ውኃው 500 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። እኔ ስደርስ ጭጋግ ሸፍኖት ድምፁን ብቻ ነበር የምሰማው። ልመለስ ስል ስካውቱ "ትንሽ ታገሥ፣ ይገለጣል" አለኝ። ተቀመጥኩ። በሶዬን በጥብጬ ሳልጨርስ ጭጋጉ ከታች ተቀደደና ውኃው ከላይ እስከ ታች ብቅ አለ፣ ምናልባት ለአምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ተመልሶ ተዘጋ። ስለዚህ ለጅንባር ቢያንስ አንድ ሰዓት መድቡ። አፋፉ ላይ ያለው ሣር እርጥብ ነው፣ ያንሸራትታል። ለፎቶ ብላችሁ ወደ ጠርዙ አትጠጉ።

ጫማችሁ ሶሉ የማያንሸራትትና የለመዳችሁት ይሁን፣ አዲስ ጫማ እግር ይልጣል። የዝናብ ልብስ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ትርፍ ካልሲ ያዙ። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ግጭ ላይ ውርጭ ይጥላል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ኪስ ውስጥ ይኑር። የወንዝ ውኃ ሳታፈሉ ወይም ማከሚያ ሳትጨምሩ አትጠጡ።

ግጭ ካደራችሁ በማግስቱ ማልዳችሁ ተነሡና እሜት ጎጎ ወደሚባለው የተራራ ጫፍ ውጡ፣ 3,926 ሜትር ነው። ደመናው ከቆላው መውጣት ሳይጀምር ድረሱ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹም በዚያ ሰዓት ከገደሉ ወጥተው ፀሐይ እየሞቁ ሣራቸውን ይነጫሉ።