ከዘራን በባርቲትሱ ስልት፦ የኋላ አቋምና የርቀት መከላከል አለማመድ

ባርቲትሱ የተባለው ራስን የመከላከል ስልት ከመምህር ወደ ተማሪ ሳይቋረጥ እዚህ የደረሰ ጥበብ አይደለም። ኤድዋርድ ዊሊያም ባርተን-ራይት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ጃፓን ሳለ ጁጁትሱ የተባለውን የጃፓን የትግል ጥበብ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1898 አገሩ ተመልሶ የራሱን ስም ከጁጁትሱ ጋር አዳቅሎ አዲስ ስም አወጣ፤ ለንደን፣ ሻፍትስበሪ አቬኒው ላይም ክለብ ከፈተ። ክለቡ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ስሙ ጨርሶ ያልጠፋው ደራሲው ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1903 የልብ ወለድ መርማሪውን ሸርሎክ ሆልምስን አንድ ፊደል ገድፎ «ባሪትሱ» ስላሰኘው ነው። ትምህርቱ ራሱ ግን የተረፈው እ.ኤ.አ. በ1899 እና በ1901 ፒርሰንስ በተባለ መጽሔት በወጡ ባለፎቶግራፍ ጽሑፎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመው የባርቲትሱ ማኅበርም ጥበቡን መልሶ ያቆመው በእነዚያ ገጾች ተመርኩዞ ነው።

ይህ ለልምምድ ትልቅ ትርጉም አለው። ፎቶው መነሻውንና መድረሻውን ያሳያል፤ መሐል ያለውን እርምጃ የሚሞላው የዛሬው ተለማማጅ ነው። ስለዚህ የጽሑፉን እና የራሳችሁን ግምት ለይታችሁ በደብተር መዝግቡ። ይህን ያልለየ ቡድን በዓመቱ የሚለማመደው ባርቲትሱን ሳይሆን የራሱን ፈጠራ ይሆናል።

የከዘራው ክፍል የመጣው ክለቡ ውስጥ ካስተማረው ስዊዘርላንዳዊ፣ ከፒየር ቪኚ ነው። ሰይፍ የጣት መከላከያ አለው፤ ከዘራ የለውም። ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ምት ብትመክቱ የባላጋራው ዱላ በእንጨቱ ላይ ተንሸራቶ ቁልቁል ጣታችሁ ላይ ያርፋል። ቪኚ ነገሩን ገለበጠው፦ ሲመክት እጁ ከጫፉ ከፍ ይላል፤ ምቱም ከእጁ ርቆ ወደ ጫፉ ይንሸራተታል። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን አትርሱ።

ለልምምድ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት፣ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ የራታን (ቀላልና ውስጡ ድፍን የሆነ የሐረግ እንጨት) ዘንግ ይበቃል። ወይራ አትጠቀሙ፤ ከብዶ እጅን ያዘገያል፣ በጓንት ላይም ቢሆን ጣት ይሰብራል። ቀርከሃም ሲሰነጠቅ ስለቱ ዓይን ያጠፋል። እጀታው ቆልማማ የሆነ ከዘራ ለጀማሪ አይሆንም፤ እጅጌና ጭንብል ይይዛል። ጥንድ ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ የፌንሲንግ (የሰይፍ ስፖርት) ጭንብል፣ የሆኪ ጓንትና የክርን መከላከያ ሳታደርጉ አትጀምሩ። ጭንብሉ ማጅራትን ስለማይሸፍን ወደ ኋላ ራስ መሰንዘር ክልክል ይሁን።

አሁን ወደ የኋላ አቋም። ግራ እግር ፊት፣ ቀኝ እግር ኋላ፤ በመካከላቸው የትከሻ ስፋት ያህል ይኑር፤ ጉልበቶች ላላ ይበሉ። ግራ ክንድ ጋሻ እንደያዘ ሰው ወደ ፊት ይዘርጋ። ቀኝ እጅ ከዘራውን ይዞ ከራስ በላይ ይነሳ። አቋሙ ለባላጋራው ማባበያ ነው፤ ቅርብ ሆኖ የሚታየው ግራ ክንዳችሁና ራሳችሁ ስለሆነ ወደዚያ ይሰነዝራል።

ሲሰነዝር ግራ እግራችሁን ጠርጋችሁ ከቀኙ ኋላ አሳርፉ። ግራ ክንድና ሆድ አብረው ይሸሻሉ፤ ከዘራው በዚያው ቅጽበት የባላጋራው የእጅ አንጓ ላይ ይወርዳል። ባርተን-ራይት የርቀት መከላከል ያለው ይህንን ነው። ምሥጢሩ ትከሻ ላይ ነው፦ ቀኝ እግር ካለበት ሳይነቃነቅ ሰውነት ሲዞር ቀኝ ትከሻ ወደ ፊት ይመጣል። እናንተ ከዱላው ስትርቁ የእናንተ ዱላ ይረዝማል፤ ባላጋራው ደግሞ አየር መትቶ ወደ ፊት ይንገዳገዳል።

አለማመዱ እንዲህ ነው። መሬት ላይ በጠመኔ መስመር አስምሩ፤ ቀኝ እግር መስመሩን ረግጦ ይቆይ። ያለ ከዘራ 20 ጊዜ በዝግታ ግራውን ብቻ መልሱ። ቀጥሎ የቴኒስ ኳስ በካልሲ ቋጥራችሁ በደረት ከፍታ ስቀሉና እርምጃውን ከምቱ ጋር አጣምሩ፤ እግር መሬት ሲነካና ኳሱ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ አንድ መሆን አለበት። ሁለት ድምፅ ከሰማችሁ እጅ ቀድሟል ማለት ነው፤ እጅ ከቀደመ ትከሻው ገና ስላልዞረ ምቱ አጥሮ ይቀራል። ከዚህ በኋላ ብቻ ጓደኛችሁ ስፖንጅ በተጠቀለለ ዘንግ፣ በግማሽ ፍጥነት፣ ወደ ግራ ክንዳችሁ ይሰንዝር።

አብዛኛው ጀማሪ እግሩን ሳያነሳ ደረቱን ብቻ ወደ ኋላ ይለጥጣል። ራሱ ይተርፋል፤ ፊት የቀረው ጉልበቱ ግን ይመታል፣ ሚዛኑም ኋላ ስለወደቀ አጸፋ መስጠት አይችልም። ሌላው ከዘራውን አንቆ ይይዛል፤ አንጓው ስለሚደርቅ ከዘራው ከክንዱ ጋር እንደ ግንድ ይወርዳል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙ፤ የቀሩት ጣቶች ምቱ ሲያርፍ ብቻ ይጥበቁ።

ባላጋራው ከዘራውን አልፎ ከተጠጋ ሥራው የጁጁትሱ ነው። ክለቡ ውስጥ ይህን ያስተማሩት ዩኪዮ ታኒና ሳዳካዙ ኡዬኒሺ ነበሩ። የኡዬኒሺ ተማሪ ኢዲት ጋረድ ኋላ ለእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገሉትን አሠልጥናለች። መጣልና መውደቅ ግን ምንጣፍና የጁዶ አሠልጣኝ ይፈልጋል፤ በሲሚንቶ ወለል ላይ አትሞክሩት።