ከቆረጣ በኋላ የቀረን ጉቶ በምስጥ ማስበላት

የተተከለ ደን ተቆርጦ ግንዱ ሲጫን መሬቱ ላይ ጉቶ ይቀራል። በማሽን መንቀል አፈሩን ይገለብጣል፤ ወጪውም ከባድ ነው። ምስጥ ባለበት መሬት ሥራውን ለምስጡ መተው ይሻላል፤ ጉቶው ግን መዘጋጀት አለበት። ምስጥ የሞተ እንጨት፣ እርጥበትና ከደረቅ አየር የሚከልለው ሽፋን ይፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚስተው ገና መጀመሪያው ላይ ነው። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ያቆጠቁጣል፤ ቁጥቋጦው እስካለ ድረስ ሥሩም ሕያው ነውና ምስጡ የሞተውን ክፍል ብቻ ነካክቶ ይተወዋል። ስለዚህ ከመሬት ከ10 ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ ቁረጡ። ዙሪያውን አፈር ጫር አድርጋችሁ ቅርፊቱን ከአፈር በታች ድረስ ላጡ፤ የተኙት እንቡጦች ያሉት እዚያ ነው። አዲስ ቁጥቋጦ ብቅ ባለ ቁጥር ሳይጠነክር ገንጥሉት። ግላይፎሴት የተባለውን የአረም ማጥፊያ የምትጠቀሙ ከሆነ እንደተቆረጠ ወዲያውኑ ከቅርፊቱ ቀጥሎ ባለው ጠርዝ ላይ ይቀባል፤ መሐሉ ቀድሞም የሞተ እንጨት ስለሆነ እዚያ ማፍሰስ ብክነት ነው። መጠኑን ከመያዣው ላይ አንብቡ። እንደ መርፌ የቀጠነ ቅጠል ያለው ፓይን ግን በአብዛኛው ስለማያቆጠቁጥ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ቅርፊቱንም አትላጡት፤ ምስጥ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል መግባት ይወዳል።

ከመሸፈናችሁ በፊት የታመመውን ለዩ። በሥሩ አንገት ላይ ቅርፊቱን ስታነሡ ነጭ የሻጋታ ንጣፍ፣ በሥሩም ላይ ጥቁር ቀጫጭን ክሮች ካያችሁ አርሚላሪያ የተባለው ሥር አበስባሽ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። እሱ ወደ አዲሶቹ ችግኞች ስለሚዛመት ያን ጉቶ ከነሥሩ ነቅላችሁ አውጡት።

ለጤነኛው በአናቱ ላይ በሞተር መጋዝ ጠለቅ ያለ የመስቀል ቅርጽ ቁረጡ። ውሃ ይገባል፣ አበስባሽ ፈንገስም ይከተላል፤ ምስጥ ደግሞ ፈንገስ ያለሰለሰውን እንጨት ይመርጣል። አናቱን በቅጠልና በቀጫጭን ቅርንጫፍ ሸፍኑና 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ጨምሩበት። ጊዜው የዝናብ መግቢያ ነው፤ በደረቅ ወራት ምስጥ ወደ ጥልቅ አፈር ይወርዳል።

ጉቶውን አታቃጥሉ፤ የከሰለ ገጽ ለምስጥ አይመችም። ፀረ ተባይም አትርጩበት። ከሌላ ቦታ ኩይሳ ቆፍሮ ምስጥ ማምጣትም ከንቱ ድካም ነው፦ ንግሥት የሌላት ሠራተኛ ምስጥ አትቆይም፤ መሬቱ የራሱ ምስጥ ካለው ራሱ ያገኘዋል። በእንጨት ቤት፣ በአጥርና በተከመረ ጣውላ አጠገብ ግን ይህን ዘዴ ፈጽሞ አትሞክሩ፤ የምስጥ መንገድ በአፈር ውስጥ ብዙ ሜትሮች ይሄዳል።

በየጥቂት ወሩ በመጥረቢያ ጀርባ አንኳኩ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ተበልቷል። ውጪው ደኅና መስሎ ከብት ወይም የትራክተር ጎማ የሚሰጥመው እዚህ ላይ ስለሆነ ቅርፉን ሰብራችሁ ጉድጓዱን በአፈር ሙሉ። የውጪው ነጣ ያለው እንጨት ቶሎ ያልቃል፤ ጠቆር ያለው መሐል ይዘገያል፣ ቲክ የተባለው ጠንካራ ዛፍ መሐልማ ከሁሉም ይዘገያል። ጠቅላላ ጊዜው እንደ ዛፉ ዓይነት፣ እንደ ውፍረቱና እንደ እርጥበቱ ዓመታት ይወስዳል።

እስከዚያው መትከል ይቻላል፤ ጥንቃቄው ግን እዚህ ላይ ነው። ችግኙን በቀድሞው ረድፍ መካከል፣ ከጉቶ ቢያንስ 1 ሜትር አርቃችሁ ትከሉ። ምስጥ ወጣት ባሕር ዛፍን፣ በተለይ በውሃ ጥም የደከመውን፣ በሥሩ አንገት ዙሪያ ቅርፊቱን በልቶ ይገድላል፦ ግንዱ ላይ የጭቃ ሽፋን ይታያል፣ ችግኙ ድንገት ይጠወልጋል፣ ሲጎትቱት በቀላሉ ይነቀላል። መሬቱን ሙልጭ አድርጎ ማጽዳት መፍትሔ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የሞተ እንጨት ያጣ ምስጥ ወደ ችግኙ ይዞራል። ቅርንጫፉን በረድፎቹ መካከል ተዉት፤ ከችግኙ ግንድ ጋር ግን አይነካካ። አረሙንም ቶሎ ቶሎ አርሙ፤ ከአረም ጋር ውሃ የሚሻማ ችግኝ ቀድሞ የሚጠቃው ነው። የሞተውን ደግሞ በዚያው የዝናብ ወቅት ተኩ።