ሆምሩም ለተሰጣችሁ መምህራን፦ ከትምህርት ከቀሩት ልጆች ጀምሩ

የ9ኛ ክፍል ሆምሩም፣ ማለትም የአንድ ክፍል ተጠሪነት፣ ሲሰጣችሁ ልጆቹ ከተለያየ ትምህርት ቤት ነው የሚመጡት። 8ኛን አብረው ከጨረሱት ጋር ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፣ ሌላውን ቀና ብለውም አያዩም። መስፈርቱ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ይላል። እኔ የማስተምርበት የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን በየዴስኩ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት። እነዚህን ልጆች ለማቀራረብ ብላችሁ ስለ አንድነት ንግግር አታድርጉ። ሰልፍ ላይ ሲሰሙት አድገዋል፤ ጆሯቸው ለምዶታል።

እኔ የምጀምረው ከሰሌዳው ጥግ ነው። መምህር ሲወጣ የክፍል አለቃው ጠመኔ አንስቶ «ረባሽ» ይልና ስም ይደረድራል። ዝም ካላለ ×2፣ አሁንም ካልሰማ ×3። እናንተም በዚህ ነው ያደጋችሁት። ይሄ ዝርዝር ልጆቹን ያናክሳል፤ አለቃውንም የሰው ዓይን ውስጥ ያስገባዋል። ይቅር። በዚያው ጥግ የቀሩ ተማሪዎች ስም ይጻፍ፤ አጠገቡ ደግሞ ሄዶ የሚጠይቀው ልጅ ስም። ስሙ የሚጠፋው ልጁ ሲመጣ ወይም ለምን እንደቀረ ሲታወቅ ነው። ምክንያቱ ግን ሰሌዳ ላይ አይወጣም፤ ለሆምሩሙ ብቻ ይነገራል።

ማን ይጠይቅ? የሰፈር ልጅ። የሳሪሶቹን አንድ ላይ፣ የቃሊቲዎቹን አንድ ላይ፣ በአንድ ታክሲ የሚሄዱትን አንድ ላይ መድቡ። በውጤት እንዳትመድቡ። አንድ ጎበዝ ሌሎቹን እንዲመራ የሚመደብበትን የአንድ ለአምስት ቡድን ታስታውሳላችሁ አይደል? ጎበዙ ይሠራ፣ የቀሩት ይገለብጡ፣ ቅጹም ተሞልቶ ይቀርብ ነበር። በሰፈር ሲሆን ፈተና ላይ ደካማ የሚባለውም ልጅ የጓደኛውን በር ያውቃል፣ ደብተር ያደርሳል። አንዲት ተማሪዬ እናቷን ለማስታመም ቤት መዋሏን የሰማነው ከሰፈሯ ልጆች ነው። ደብተሯን እየተቀባበሉ ጻፉላት። የባዮሎጂውን የሴል ሥዕል ሳይቀር በቀለም እርሳስ ሠርተውላታል፤ ኒውክለሱ ሮዝ ነበር።

ለቅሶ ሲኖር ክፍሉ አብሮ ይሂድ። መዋጮው ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ስም እየጠሩ «አንተስ ስንት?» ማለት የሌለውን ልጅ ማሸማቀቅ ነው። ፖስታ በየዴስኩ ይዙር። የቻለ ያስገባ፣ ያልቻለም እጁን ከትቶ ያውጣ። ስም ዝርዝር አይያዝ።

ከዚያ የጋራ ሥራ ፈልጉላቸው። ሲያልቅ በዓይን የሚታይ ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ትምህርት ቤት ጀርባ የተሰባበረ ዴስክ ተከምሮ ዝናብ ይመታዋል። ንብረት ክፍል ሄዳችሁ መዶሻና ምስማር አስፈቅዱ፣ ለወላጆች አሳውቁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጀምሩ። ከሁለት ሦስት ስባሪ አንድ ደህና ዴስክ ይወጣል። እዚህ ላይ አናጺ ቤት ያደገው ልጅ አለቃ ይሆናል፤ ክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማው ልጅ «እንዲህ አይደለም የሚመታው!» ሲል ትሰማላችሁ። ሴቶቹ ይጥረጉ፣ ወንዶቹ ይምቱ የሚል ክፍፍል ከመጣ እዚያው አስቁሙት። መዶሻው ተራ በተራ ይዙር። የተጠገነው ዴስክ ላይ የክፍሉን ስም ለመጻፍ ይሻማሉ። ከሥር በኩል ከሆነ ይጻፉ፣ ምን ቸገራችሁ።

ወንበር ማቀያየሩን አታጣድፉት። ከልጁ አሮጌ ጓደኞች አንዱ አጠገቡ ይቆይ፣ የዴስኩ ሦስተኛ ልጅ አዲስ ይሁን። ፊት ያለው ረድፍ በየሳምንቱ ወደ ኋላ ይሂድ።

ጥል መነሳቱ አይቀርም። ከጠበኞቹ ሰፈር አንዳንድ ልጅ ጠርታችሁ መጀመሪያ እነሱ ይሞክሩት። ድብድብ ወይም ስለት ካለበት ግን ለልጆች የሚተው ነገር አይደለም፤ ቀጥታ እናንተ ያዙት።

በሁለተኛው ሴሚስተር የሰሌዳውን ጥግ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ልቀቁላቸው። ርዕሰ መምህሩ ሪፖርት ይጠይቃችኋል። ግማሽ ገጽ ጻፉና ወደ ክፍላችሁ ተመለሱ።