የሁለተኛ ዓመት የባንድ ልጆችን ወደ ኅብረት ጨዋታ ስናሻግር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ የትምህርት ቤት ባንድ አስተምራለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ድምፅ ማውጣት ነው፤ ከንፈር፣ ትንፋሽ፣ ጣት። በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ልጁ አንድ ዜማ ብቻውን ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚከብደው መሣሪያው አይደለም፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ እየሰማ የራሱን መንገድ አለመልቀቅ ነው። እኛ አስተማሪዎች ደግሞ ይህን መስማት ሳናውቀው እንቀማቸዋለን።

ሁሉንም አንድ ዜማ ማስጫወት

አሥራ አምስት ልጅ አንድ ዜማ ሲነፋ ድምፁ ይሞላል፣ በወላጆች ቀንም ጭብጨባው አይጠፋም። ግን አንድ ጎበዝ ትራምፔት ሁሉንም ተሸክሞ እየሄደ እንደሆነ አይታይም። አንድ ቀን እንዲህ ያለው ልጃችን ታሞ ቀረ፤ ዜማው ሦስተኛው ባር (የኖታው ሦስተኛ የምት ክፍል) ላይ ቆመ። አሁን በሁለት ድምፅ እንጀምራለን፦ ግማሹ አንድ ቃና በረጅሙ ይይዛል፣ ግማሹ በላዩ ላይ ዜማውን ይሄዳል። ለዚህ ከትዝታ ቅኝት የተሻለ አላገኘሁም። አምስት ቃና ብቻ ናት፤ ልጁ ከቤቱ ጀምሮ ሲሰማት ስላደገ ሲስት ከእኔ በፊት ጆሮው ይነግረዋል።

«ልጆች ናቸው፣ ድምፅ መከፋፈል አይችሉም» የሚለውን አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውና የመንግሥት ባንድ የሆኑት «አርባ ልጆች» ወላጅ ያጡ የአርመን ልጆች ነበሩ።

ሦስተኛውን ድምፅ ለደካማ መስጠት

ሦስተኛው ድምፅ ከዜማው ሥር ሆኖ የሚይዘው ነው፤ ደካማውን ልጅ እዚያ ማስቀመጥ ማንም በማይሰማው ቦታ መደበቅ ነው። በየዘፈኑ ቦታ አለዋውጣቸዋለሁ፤ ጎበዙም ሥር ሆኖ መያዝን ይማር።

ሙቀቱን መርሳት

በሌላ አገር «መሣሪያው እስኪሞቅ ጠብቅ» ይባላል። ድሬ ላይ ከሳጥኑ ሲወጣ ሞቆ ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ በ35 ዲግሪ ወደ 352 ይደርሳል፤ በዚህ ምክንያት የትንፋሽ መሣሪያ ቃና ወደ ላይ ይወጣል። ኪቦርዱ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ልጁ አልገጥም ሲለው ከንፈሩን ያላላል፣ ድምፁም ይበላሻል። መፍትሔው ቱቦው ላይ ነው፦ የትራምፔቱን ማስተካከያ ቱቦ ሳብ፣ የክላርኔቱን በርሜል ትንሽ ከፈት፣ የሳክስፎኑን ማውዝፒስ ከቡሹ ትንሽ ወጣ ማድረግ። መሣሪያ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥማ ፈጽሞ አይሆንም።

ሲቃኙም «ሁላችሁም ሲ ንፉ» አይባልም። ትሮምቦኑ ቢ ፍላት ሲነፋ፣ ያንኑ ቃና ለማግኘት ትራምፔትና ክላርኔት ሲ፣ አልቶ ሳክስፎን ጂ ያነባሉ። ይህን ለልጆቹ ያላስረዳ አስተማሪ ዓመቱን ሙሉ «ተሳሳታችሁ» እያለ ይከርማል። የስልኩን ቱነር (ቃና መለኪያ) ከማሳየቴ በፊት ደግሞ ቃናውን በአፋቸው አስወጣቸዋለሁ።

ክላርኔቱ ሲጮህ ልጅቷን መቆጣት

የመካከለኛ ደረጃ ክፍሎች ክላርኔቱን ከታችኛው ድምፅ ወደ ላይኛው ያሻግሩታል። ኤ በአንድ ጣት ብቻ ትነፋለች፤ ቀጥላ የምትመጣው ቢ ግን ሁሉም ጣቶች በአንዴ እንዲዘጉ ትፈልጋለች። አንዲት ተማሪዬ እዚያች ቦታ ላይ በደረሰች ቁጥር ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣ ነበር። ጣቶቿን ሳይ የቀኝ እጇ በአየር ላይ ተንሳፏል። ኤን ስትነፋ የቀኝ እጇን ጣቶች ቀድማ እንድትዘጋ አደረግኋት፤ ቃናው እምብዛም አይለወጥም፣ ለመሻገር የሚቀራትም ግራ እጇ ብቻ ነው። በሳምንቱ ጩኸቱ ቀረ፣ ትከሻዋም ወረደ።

6/8ን በቁጥር ብቻ ማስተማር

«አንድ ሁለት ሦስት አራት አምስት ስድስት» እያልኩ ስንት ቀን አባከንኩ! የችክችካ ምት እኮ በሰውነታቸው አለ። ወንበሩን ገፍተን አስጨበጨብኳቸው፣ ከዚያ ኖታውን አሳየኋቸው። «አቦ ቲቸር፣ ይሄማ ጭፈራ ነው!» አለኝ አንዱ።

ሁልጊዜ ከመጀመሪያው መጀመር

መግቢያው ያብረቀርቃል፣ መጨረሻው ይንኮታኮታል። ከመጨረሻዎቹ ስምንት ባሮች ጀምሩና ወደ ኋላ ሂዱ።

እረፍትን ለእነሱ መቁጠር

በጣም የሚጎዳው ይህ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ደግነት ይመስላል። ትሮምቦኑ አሥራ ሁለት ባር ያርፋል፤ እኔ በራሴ ንቅናቄ አስገባዋለሁ፤ እሱም ሙዚቃውን ትቶ ግንባሬን ይጠብቃል። አሁን በየባሩ የመጀመሪያውን ቁጥር እየለወጡ በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይቆጥራሉ፦ አንድ‑ሁለት‑ሦስት‑አራት፣ ሁለት‑ሁለት‑ሦስት‑አራት፣ ሦስት‑ሁለት‑ሦስት‑አራት። ከመግቢያቸው በፊት የሚሰሙትንም ኖታቸው ላይ ይጽፋሉ፤ «ክላርኔቱ ሲወጣ»፣ «ከበሮው ሲያቆም»። ቀድመው ሲገቡ ዝም እላለሁ። ሁለት ጊዜ ይስታሉ፤ በሦስተኛው ትሮምቦኑ ራሱ እርሳሱን ያነሳል።