በመኪና ገጭቶ ሰው መግደል፦ ስለ ቅጣቱ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

«ሆን ብዬ አይደለም።» ሰው ከሞተ በኋላ ከሾፌር አፍ ቀድሞ የሚወጣው ይህ ነው። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 የተጻፈው ለመግደል ላላሰበ፣ መጠንቀቅ ሲገባው ግን ላልተጠነቀቀ ሰው ነው። ሆን ብሎ ቢሆንማ አንቀጹም ሌላ ነበር።

«ቢበዛ መቀጮ ከፍሎ ይወጣል» የሚባለውም ልክ አይደለም። ከእስራት ይልቅ በመቀጮ ብቻ ማለፍ የሚቻለው በንኡስ አንቀጽ 1 ነው። ሾፌር ግን እንደ ሐኪም ሁሉ የሰው ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ በንኡስ አንቀጽ 2 ይጠየቃል። ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው፤ ከ3 ሺህ እስከ 6 ሺህ ብር መቀጮም ይጨመርበታል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ቀጣዩ ነው። ብዙ ሰው «አንድ ሰው ከሞተ ቅጣቱ ያው ነው» ብሎ ያስባል። ያው አይደለም። ግልጽ የሆነ ደንብ ከተጣሰ፣ ሾፌሩ ጠጥቶ ራሱን መቆጣጠር የማይችልበት ሁኔታ ላይ ካደረሰ፣ ወይም የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ጉዳዩ ወደ ንኡስ አንቀጽ 3 ይሻገራል። እዚያ የሚጠብቀው ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ መቀጮውም ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ብር ይደርሳል። ቀይ መብራት መጣስ፣ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ መንዳት፣ በማይቀደምበት ቦታ መቅደም፤ በየቀኑ እንደ ቀላል የምናያቸው እነዚህ ናቸው ከሁለቱ ቅጣቶች ወደ ከባዱ ሊያሻግሩ የሚችሉት። «ሁሌም እንዲህ ነው የምነዳው» ማለትም መከላከያ አይሆንም።

ሌላው ሽምግልና ነው። «ከቤተሰቡ ጋር ታርቀናል፣ ክሱ ይቀራል» ይባላል። አይቀርም። ይህ ወንጀል የግል አቤቱታ አይጠብቅም፤ ዐቃቤ ሕግ ይቀጥላል። ሽማግሌ መላክ ግን ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከልብ መጸጸትና ጉዳቱን መካስ በአንቀጽ 82 መሠረት ቅጣት ያቀላል። ለሐዘንተኞቹም ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ ደጃቸው የመጣ ሰውና የጠፋ ሰው አንድ አይደሉም።

ጥሎ መሸሽ ከሁሉ የከፋ ውሳኔ ነው። የሕዝቡን ቁጣ መፍራት ይገባኛል። ቢሆንም አደጋ ሳይመጣብዎት መርዳት እየቻሉ የገጩትን ሰው ጥሎ መሄድ በአንቀጽ 575 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። መቆም ካስፈራዎ በቀጥታ ወደሚቀርበው ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ። እየሄዱ አምቡላንስ ይጥሩ።

የመኪና ባለቤቶችም «የነዳው ይጠየቅ» ይላሉ። ለእስራቱ ልክ ናቸው። ካሳው ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት ባለቤቱንም ይይዘዋል፤ የነዳው ያልፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። መኪናው በዚያ ሰዓት ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ይድናል። ቁልፉን ለልጁ የሰጠ አባት «ተሰርቆብኝ ነው» ሊል አይችልም።