ፌስታሉን ሳታዩ አትጻፉ፦ በመድኃኒት ጥናት ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ግንቦት ሲገባ ቢሮዬ በር ላይ ሰልፍ ይጀመራል። የፋርማሲ ተመራቂዎች የመመረቂያ ጥናታቸውን ረቂቅ ታቅፈው ይመጣሉ። ርዕሱ ይለያያል። አንዱ የደም ግፊት ታካሚዎችን የመድኃኒት አወሳሰድ ያጠናል፣ ሌላዋ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ አንቲባዮቲክን፣ ሦስተኛው በጤና ጣቢያ የመሠረታዊ መድኃኒቶችን አቅርቦት። ስህተቱ ግን ያው ነው። በየዓመቱ በቀይ እስክሪብቶ ከምጨቃጨቅ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

423

ናሙናህ ስንት ነው ስለው “423” ይላል። ለምን? “ፎርሙላው ነው የሰጠኝ።” የሚጠናው ነገር በ50 በመቶው ሰው ላይ እንዳለ ይገመታል፣ 5 በመቶ የስህተት ወሰን ይፈቀዳል፣ 384 እና ቅንጥብጣቢ ይመጣል። መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመር 423 ይሆናል። ሒሳቡ ልክ ነው። ግን በርዕሱ ላይ ከዚህ በፊት የተሠራ ጥናት ካለ 50 በመቶን ምን አመጣው? ክሊኒኩ ያለው ታካሚ 300 ብቻ ከሆነስ? አንዱን ልጅ ይህንኑ ብጠይቀው “መምህር፣ አንዳንዶቹ እኮ ሁለቴ ይመጣሉ” አለኝ። ስቄ ዝም አልኩ።

ጋዋን ለብሶ “በትክክል ይወስዳሉ?” ብሎ መጠየቅ

የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ደግሞ እኔም ሠርቼዋለሁ።

ለመመረቂያዬ ነጭ ጋዋኔን ለብሼ፣ መድኃኒት የሚታደልበት መስኮት አጠገብ ቆሜ፣ ታካሚዎችን አንድ በአንድ “መድኃኒትዎን በታዘዘልዎ መሠረት ይወስዳሉ?” እያልኩ ጠየቅሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል “አዎ” አሉ። ምን እንዲሉኝ ነበር? መድኃኒቱን የሚሰጣቸው ሰውዬ እኮ ነው የሚጠይቃቸው። “አወሳሰዳቸው ጥሩ ነው” ብዬ ደመደምኩ። ጥሩ ውጤትም አገኘሁበት።

ተመርቄ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ አንዲት እናት መጡ። “እማማ፣ የግፊቱን መድኃኒት በየቀኑ ይወስዳሉ?” አልኳቸው። “እንዴታ ልጄ! እንደታዘዘልኝ ነው።” የቀጠሮ ካርዳቸውን ሊፈልጉ ፌስታላቸውን ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። ያልተነካ የኤናላፕሪል፣ ያው የግፊት መድኃኒታቸው፣ እሽግ ወጣ። ከአንዱ እሽግ ሁለት ፍሬ ብቻ ጎድሏል። ከጎረቤት የተሰጣቸው አቴኖሎል የሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒት አለ፣ ለጉልበታቸው ሕመም የገዙት ዳይክሎፌናክ አለ፣ በትንሽ ሃይላንድ የተቀዳ ጸበል አለ። ዳይክሎፌናክ ደግሞ ግፊት ይጨምራል።

“ይሄ ሁሉ ለምን ተረፈ?” አልኳቸው። “ጾም አይደለም እንዴ? ቅዳሴ ሳይወጣማ ውኃም ባፌ አይዞር።”

አልዋሹኝም። በእሳቸው ሒሳብ እንደታዘዘላቸው ነው የወሰዱት፤ የጾሙ ቀን ከሒሳቡ ውጭ ነው። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ አሉ፣ ፍልሰታ አለች። ለሙስሊሙ ደግሞ ረመዳን አለ። እኔ በመጠይቄ ላይ ስለ ጾም አንድም ጥያቄ አላስገባሁም ነበር። አሁንም አብዛኛው ተማሪ አያስገባም፤ ከውጭ ጽሑፍ የተገለበጠ መጠይቅ ላይ ጾም ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ጋዋኑን አውልቁ። ከተቻለ እዚያ ቤት የማይሠራ ሰው፣ ታካሚው ጉዳዩን ጨርሶ ሲወጣ ይጠይቅ። “በትክክል” የሚለውን ቃል ጣሉት። “ብዙ ሰው አንዳንድ ቀን ይዘለዋል። እርስዎስ ባለፉት ሰባት ቀናት ስንት ቀን አምልጦዎታል?” በሉ። በቀጠሮ ቀን ያላቸውን ክኒን ሁሉ ይዘው እንዲመጡ ንገሯቸው፣ ቁጠሩት፣ መቼ ስንት ፍሬ እንደተሰጣቸው ከመዝገቡ ጋር አስተያዩት። ክሊኒክ በር ላይ የምታገኙት ሰው ገና ያላቋረጠውን መሆኑንም አትርሱ። ብር አጥቶ የቀረው ሰው እናንተ መጠይቅ ስትሞሉ ቤቱ ነው ያለው።

መጠይቁን ቃል በቃል መተርጎም

“8:00 AM” የሚለውን “ጠዋት 8 ሰዓት” ብሎ የተረጎመ ተማሪ ነበረኝ። አንድ አባት “የሌሊቱን ነው የቀኑን?” ብለው ሲጠይቁት ነው የነቃው። ሁለት ሰዓት ለማለት ነበር።

“አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ ተጠቅመዋል?” ብትሉ “የለም” ይላችኋል። ጉሮሮዎን ሲያምዎትስ ምን አደረጉ ስትሉት “አሞክሲሊን ገዝቼ ዋጥኩ” ይላል። አሞክሲሊን ራሱ አንቲባዮቲክ መሆኑን አያውቅም። ፎቶ ወይም ባዶ ፓኬት ይዛችሁ ሂዱ። “መድኃኒት” የሚለውም ቃል ሰፊ ነው። ዳማከሴም መድኃኒት ነው፣ ለአይጥ የሚደረገውም መድኃኒት ነው።

ሁለት ዘመን አቆጣጠር

“ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት አልተገኘም” የሚል ውጤት መጣልኝ። ደስ ሲል! ብዬ ሄጄ መደርደሪያውን አየሁት። ካርቶኑ ላይ 05/2023 ይላል። ወሩ ኅዳር 2016 ነበር። ልጁ 2023ን ከ2016 ጋር አነጻጽሮ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል ብሎ አልፎታል። ካለፈበት ስድስት ወር ሆኖታል። ቢን ካርዱ (የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) በእኛ፣ ካርቶኑ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደሚጻፍ መጠይቃችሁ ላይ በትልቁ ጻፉ።

“አለ?” “አለ።”

አቅርቦት የሚጠና በዓይን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የመድኃኒት ዋጋና አቅርቦት ጥናት መረጃ ሰብሳቢው በሄደበት ቀን መድኃኒቱን ራሱ እንዲያይ ይጠይቃል። ቢን ካርዱ 200 ብሎ ካርቶኑ ባዶ የሆነበት ጊዜ ስንቴ ነው! ሁለቱንም መዝግቡ፤ ልዩነቱ ራሱ ውጤት ነው። ኦክሲቶሲን (ለወላድ የሚሰጠው የደም መፍሰስ መከላከያ መርፌ) አለ ከተባላችሁ ማቀዝቀዣውን ክፈቱ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ከተገኘ “አለ” ብላችሁ አትለፉት።

በሆስፒታሉ ፋርማሲ የተሰበሰበ ማዘዣ ብቻ ቆጥራችሁ “መድኃኒት በበቂ ይገኛል” አትበሉ። ያጣው ሰው ማዘዣውን ይዞ ወደ ውጭ ፋርማሲ ወጥቷል።

ማዘዣ ቆጠራ

በጤና ተቋማት የመድኃኒት አጠቃቀም እንዴት እንደሚጠና የሚያሳየው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ (በፈረንጅ 1993) ቢያንስ 600 ማዘዣ ይላል። ተማሪው ይህቺን ቁጥር ብቻ ይዞ 600ውንም ከአንድ ሆስፒታል ያወጣል። መመሪያው ያለው ከ20 ተቋም 30፣ 30 ነው። የአንድ ወር ማዘዣ ብቻም አትውሰዱ። በጥቅምት ብትሰበስቡ ወባ ወረቀቱን ይሞላዋል። ዓመቱን ሙሉ አዳርሱ።

ሌላው አካፋዩ ነው። የአንቲባዮቲክ መቶኛ የሚሰላው ቢያንስ አንድ አንቲባዮቲክ ያለበት ማዘዣ ለጠቅላላው ማዘዣ ተካፍሎ ነው እንጂ የአንቲባዮቲኩ ብዛት ለመድኃኒቱ ብዛት ተካፍሎ አይደለም። መርፌ የታዘዘባቸውን ስትቆጥሩ ክትባት ከመርፌ አይቆጠርም። ባክቴሪያንም አሜባንም የሚገድለውን ሜትሮኒዳዞልን ከአንቲባዮቲክ ትቆጥሩት እንደሆነ ከመጀመሪያው ወስኑ፤ መሃል ላይ ሐሳብ መቀየር የለም።

አጫጭሮቹ

ከአማካይ በላይ ያመጣውን “ጥሩ እውቀት ያለው” ካላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ያህሉ ሕዝብ መሃይም ሆኖ ይወጣል።

የሞሪስኪ ባለ 8 ጥያቄ የመድኃኒት አወሳሰድ መለኪያ ፈቃድ ይፈልጋል። ያለ ፈቃድ ተጠቅመው የታተመ ጽሑፋቸው የተሰረዘባቸው ተመራማሪዎች አሉ።

ዋጋ ስትሰበስቡ ቀኑን ጻፉ። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል፣ ግማሹን ከዚያ በፊት ግማሹን ከዚያ በኋላ ሰብስቦ አንድ አማካይ ያወጣ ተማሪ ገጥሞኛል። የዚያ ቁጥር ትርጉም እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የትብብር ደብዳቤ ሳትይዙ ወደ ጤና ተቋም አትሂዱ። ማኅተሙም ይታይ።

ውጤቱን ይዞ መጥፋት

ባለፈው ዓመት አንድ ጤና ጣቢያ ተማሪ ላስተዋውቅ ሄድኩ። የፋርማሲው ኃላፊ ወንበር ስባ አስቀመጠችን፣ ቡና አስመጣች። ከዚያ የቢን ካርዶቹን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ልጁን ቀና ብላ አየችው። “ካንተ በፊት ሦስት መጥተዋል። ሦስቱም ይሄን ሳጥን ቀኑን ሙሉ ሲያገላብጡ ዋሉ። ምን እንዳገኙበት ግን የነገረኝ የለም” አለችው። ልጁ ወደ እኔ ዞረ። ከሦስቱ የሁለቱ አማካሪ እኔ ነበርኩ።